ዘጠኝ ሆነን ሬኒየር ወጣን፣ አራትና አምስት ሆነን ወረድን

ሰፌድ_እግሬ (ሲያትል)፣ ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም የቤቱ ልጆች። ባለፈው «ዊንተሩን ሙሉ ቤት ታፍኜ አለቅኩ፣ ምን ልሥራ?» ብዬ ስጠይቅ ግማሾቻችሁ ስኖውሹ ሞክር ብላችሁኝ ነበር። ሞከርን። ሰው አልሞተም። ግን ከዘጠኛችን ሁለቱ ከእሁድ ጀምሮ ስልኬን አያነሱም። ነገሩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ለማያውቅ ሰው፦ ስኖውሹ ጫማ ላይ የሚታሰር ሰፊ መርገጫ ነው። ዙሪያው አሉሚኒየም፣ መሃሉ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ብረት። ክብደትን ሰፋ አድርጎ ስለሚበትን በረዶው ውስጥ አያሰምጥም። እናቴ በቪዲዮ ስታየኝ «ምነው ልጄ፣ እግርህ ላይ ሰፌድ አሰሩብህ?» አለችኝ። እዚህ ገጽ ላይ ስሜን የቀየርኩት ያን ማታ ነው።

የሄድነው ማውንት ሬኒየር፣ እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ያለው ተራራና ብሔራዊ ፓርክ ነው። ማደሪያችን ከፓርኩ በር ውጪ፣ አሽፎርድ የምትባል መንደር ውስጥ፣ ጫካ መሃል ያለ የእንጨት ቤት ነበር። ለስምንት ሰው ተከራይተን ዘጠኝ ሆነን ገባን። ዘጠነኛው ጋሽዬ ናቸው። የአንዱ ጓደኛችን አጎት፣ የደባርቅ ሰው፣ ስልሳ ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው። «እኔም ልምጣ» ሲሉ ማን እምቢ ይላል? በሆዳችን ግን «ሊያጓትቱን ነው» ብለናል። እመኑኝ፣ ያጓተቱን እሳቸው አልነበሩም።

ቅበላው ከፕሬዚደንትስ ዴይ የሦስት ቀን ዕረፍት ጋር ስለገጠመ የጫንነው ምግብ ለሠርግ ይበቃ ነበር። የጥብስ ሥጋ፣ እንጀራ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ኮዳ አረቄ፣ ጀበና ከነረከቦቱ።

ዓርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ ቡና ተቆላ። ቡናው መንጣጣት ጀመረ፣ ጭሱ ዞረ፣ ሁላችንም ቀረብ ብለን ወደ አፍንጫችን ስናራግብ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸ። አንዱ ብቻ አይደለም፣ ሦስቱም ተቀባበሉት። አንዱ ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ ያራግባል። ሌላው በሩን በርግዶ ብርዱን ያስገባል። ጎረቤት ካለ ፖሊስ ይጠራል ብዬ እኔ መብራት አጠፋለሁ (ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም)። ጋሽዬ ሶፋው ላይ እንደተጋደሙ «ቡናውን እንዳታሳርሩት» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አርሮ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 ፓርኩ ውስጥ የሚገባ መኪና ሁሉ ጎማ ላይ የሚታሰር የበረዶ ሰንሰለት መያዝ አለበት፤ ፎር ዊልም ቢሆን። የአንዱ መኪና ሰንሰለት፣ «ልኩ ነው» ተብሎ የተሸጠልን፣ ከጎማው አንሶ ተገኘ። ደግነቱ ዓርብ ግቢ ውስጥ ሞክረነው ስለነበር በጠዋቱ ሌላ ተከራየን። ፓርኩ ውስጥ ሎንግማየር የሚባል ቦታ ላይ የመንገዱ በር እስኪከፈት ተሰለፍን። ማታ ይዘጉታል፣ ጠዋት መንገዱን ጠርገው ይከፍቱታል። ከዚያ ሽቅብ ጥምዝምዝ ነው፤ ግራና ቀኙ የበረዶ ግድግዳ። ግድግዳው ከመኪናችን ጣሪያ ሲበልጥ ወሬ ቆመ።

የመጨረሻው ቦታ ፓራዳይዝ ይባላል። አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ያደግን ነን፣ «ከፍታ ምን ያደርገናል» እያልን ስንፎክር ነበር። በኋላ ሳየው ፓራዳይዝ 1,645 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ! ለካ ከፍ ያልን መስሎን ከሰፈራችን ወርደን ነው። ያደከመን በረዶው እንጂ ከፍታው አልነበረም።

ማሰሩ ራሱ ሥራ ነው። ዘለበቱ በጓንት አይያዝም፣ ጓንት ሲወልቅ ደግሞ ጣት ይደነዝዛል። አንዱ ጓደኛችን ግራና ቀኙን አቀያይሮ አሰረና ሦስት እርምጃ እንደሄደ የራሱን ሰፌድ ረግጦ በግንባሩ ተደፋ። ለመነሳት እጁን ሲደገፍ እጁም ሰመጠ። ጋሽዬ ዱላቸውን አቀበሉት። የኪራዩን ምርኩዝ አልፈልግም ብለው ከቤት ይዘውት የመጡት ዱላ ነው።

እግርን ትንሽ ፈርከክ አድርጎ መሄድ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄዳችሁ ሰውነት ይለምደዋል። ያኔ ድምፁ ይሰማችኋል፦ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ። ስትቆሙ ደግሞ ምንም የለም። እንደዚያ ያለ ዝምታ ገጥሞኝ አያውቅም። አልፎ አልፎ ዛፍ ላይ የተከመረ በረዶ «ዱፍ» ብሎ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ጭጭ።

የያዝነው ኒስኳሊ ቪስታ የሚባለውን ዙር ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለጀማሪ የሚሆን። ጫፉ ላይ ስትቆሙ የኒስኳሊ ግግር በረዶ ከሥራችሁ ይታያል። ደመናው ለአምስት ደቂቃ ያህል ተገለጠና ተራራው ሙሉ በሙሉ ብቅ አለ። ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ጋሽዬ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዷ ልጅ ጂንስ ለብሳ ነው የመጣችው። ሁለቴ ወድቃ እስከ ጭኗ ርሷል፣ መሄድ አቅቷታል። እኔና ሌሎች ሦስት ደግሞ ገና ሞቅ ማለታችን ነበር። «እኛ ወደ ላይ ትንሽ እንይና እንመለሳለን፣ እናንተ ውረዱ» አልን። ተስማማን። ወጣን። ደመናው ወረደ። ሰማይና መሬት አንድ ነጭ ሆነ፣ የራሳችንን ዱካ እንኳ አዲሱ በረዶ ሞላው። በስልክ ካርታ እየተንቀራፈፍን ስንመለስ ካልነው ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል አልፎናል። ታች ያሉት ፊታቸውን አጥቁረው ጠበቁን። አሽፎርድ እስክንደርስ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ያ ሁሉ የቅበላ ጥብስ በዝምታ ተበላ።

እና ጥያቄዬ፦ ጥፋቱ የማን ነው? በረዶ ላይ ጂንስ ለብሶ የሚመጣ ሰው አልበዛም?

በነገራችን ላይ ጀበናው ጠፍቷል። ያየ ይናገር።

ቡና_ቁርስ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ማክሰኞ ማታ 3፡32

ፓራዳይዝ የሚባል ቦታ ሄዳችሁ ተጣልታችሁ መጣችሁ? እሺ፣ ገነት ውስጥ ጥፋቱን ሴቷ ላይ መላከክ ድሮም የነበረ ነው።

እኔ በበኩሌ ከአገሬ የወጣሁት እንጀራ ፍለጋ ነው። ብርድ ብፈልግ ደብረ ብርሃን ምን አለኝ።

ተረኛ_ነርስ (ሚኒያፖሊስ)፣ ማክሰኞ ማታ 4፡05

ከሥራ ወጥቼ አሁን ነው ያነበብኩት። ቀልዱን ተዉትና ጂንስ ነገር ልናገር።

ጂንስ ጥጥ ነው። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ ከገላ ላይ ሙቀት መሳብ እንጂ መስጠት አያውቅም። ለዚህ ነው በረዶ ላይ ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ የሚለበሰው። ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ይሞቃል። ጋቢም ያው ጥጥ ነው፣ እንዳትሞኙ። ምድጃ ዳር ንጉሥ ነው፣ በረዶ ላይ ግን እንደ ጂንሱ ነው።

ሰው ሲንቀጠቀጥ ገና ሰውነቱ እየታገለ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ብርዱ ሳይለቀው መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። ምላስ መተሳሰር ሲጀምር፣ ሲደናቀፍ፣ «ተዉኝ ልቀመጥ» ማለት ሲያበዛ፣ ያኔ ወደ ሙቅ ቦታ አስገብቶ እርጥቡን ማውለቅና እርዳታ መጥራት ነው። እና ያ አረቄ! አረቄ አያሞቅም። ቆዳ ሥር ያለውን ደም ሥር ስለሚከፍት የሞቀህ ይመስልሃል፣ ውስጥህ ግን እየቀዘቀዘ ነው። እኔ ጋ እንደዚህ ሆነው የመጡ አሉ፣ ሁሉም «ትንሽ ብቻ ነው የቀመስኩት» ነው የሚሉት።

ጥያቄ አለኝ። ልጅቷ ከወረደች በኋላ የት ነው የጠበቀቻችሁ? መኪና ውስጥ?

ኬንት_36 (ኬንት)፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ወጪው ስንት ነው? እኛም በቤተሰብ አስበን ነበር።

ሰፌድ_እግሬ (ሲያትል)፣ ረቡዕ ጠዋት 2፡02

@ኬንት_36 ፓርኩ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው ያስከፈለን፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ቤቱ ለዘጠኝ ሲካፈል ቀላል ሆነ። ስኖውሹውን ከከተማ ተከራየን፣ ሎንግማየር ያለው ሱቅም ያከራያል። መንገዱ ግን በዊንተር ሁልጊዜ አይከፈትም፣ ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ገጽ እዩ።

አንድ ምክር። ሲያከራዩ ክብደት ይጠይቃሉ፣ መጠኑ የሚመረጠው በእሱ ነው። አንዱ ጓደኛችን ሴቶቹ እየሰሙ ስለነበር ሃያ ፓውንድ ቀንሶ ተናገረ። ሻጩ አመነው። በረዶው ግን አላመነውም።

@ተረኛ_ነርስ አመሰግናለሁ እህቴ። አዎ፣ ታች ነበሩ።

ጂንሷ (ሲያትል)፣ ረቡዕ ምሳ 6፡45

እንደምን ዋላችሁ። ለዚህ ክር ብዬ ነው የተመዘገብኩት። ጂንስ ለባሿ እኔ ነኝ።

ወንድሜ ሰፌድ፣ ሰንሰለቱን በኖቬምበር በሜይ አስቀመጥክ፣ የጋሽዬን ኮፍያ እንኳ አልረሳህም። ቁልፉን ግን ረሳኸው አይደል? እኔ ልጻፍልህ። ሁለት መኪና ነበረን። ሁለቱም ሹፌሮች ወደ ላይ ከወጡት አራቱ መሃል ነበሩ። ሁለቱም ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ደረቅ ካልሲዬ፣ ወፍራሙ ጃኬቴ፣ ምሳችን፣ ሁሉም መኪና ውስጥ ተቆልፎብናል። @ተረኛ_ነርስ፣ «መኪና ውስጥ?» ላልሽው መልሱ ይኸው ነው።

አምስታችን የጎብኚዎች ማዕከሉ ገባን። እግዜር ይስጣቸው፣ ክፍት ነበር። ሴቶች መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጂንሴን አወለቅኩና የጓደኛዬን ስካርፍ እንደ ሽርጥ ታጥቄ ሱሪዬን የእጅ ማድረቂያው ሥር ያዝኩት። ማሽኑ ለሠላሳ ሴኮንድ ነፍቶ ይቆማል። ደግሜ እጫነዋለሁ። አንዱ እግር ከጉልበት በታች ለመድረቅ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አንዲት ሕፃን እናቷን ጎትታ መጥታ ቆማ አየችኝ። ምን ልበላት? እጄን አውለበለብኩላት።

ጋሽዬ በየአሥር ደቂቃው ዱላቸውን ይዘው እየወጡ ፓርኪንጉን አይተው ይመለሳሉ። አንዴ ሲመለሱ ከኪሳቸው በላስቲክ የተቋጠረ በሶ አወጡ። በቡና ስኒ ሞቅ ያለ ውኃ አስመጥተው በጣታቸው በጠበጡልኝ። እኛ ያን ሁሉ ሥጋ ጭነን ሄደን እዚያ እያለን የበላነው እሱን ብቻ ነው። ውጪ ነጭ ሆኗል፣ ማዕከሉ ሊዘጋ ነው፣ ታች ያለው በር አመሻሽ ላይ ይዘጋል፣ እናንተ የላችሁም። ጠባቂዋን ሄጄ «አራት ሰዎች አልተመለሱም» ልላት ቆሜ ሳለሁ ነው በመስኮት ያየናችሁ። እየሳቃችሁ ነበር የምትመጡት። ስልክህን ያላነሳሁት በጂንሱ አይደለም፣ በሳቁ ነው።

ስለ ጂንሱ ደግሞ፦ ግሩፑ ላይ የጻፍከውን አሁንም አየሁት። «ሞቅ ያለ ልብስ ልበሱ» ነው የሚለው። ጂንሴ ከውስጥ ገበር አለው። ሞቅ ያለ ነው!

ቡና_ቁርስ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ረቡዕ ምሳ 6፡51

ኧረ ቁልፍ! ሰፌድ ወዴት ነህ?

ኬንት_36 (ኬንት)፣ ረቡዕ ቀን 7፡10

እኔ ወጪ ብቻ ነበር የጠየቅኩት 😂

ሰፌድ_እግሬ (ሲያትል)፣ ረቡዕ ማታ 2፡15

እሺ።

ቁልፉ እውነት ነው። ኪሴ ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት ላይ ሆነን ስልኬን ልፈልግ እጄን ስሰድ ነው። ያኔ ደመናው ወርዷል። ለሦስቱ አልነገርኳቸውም። የሁለተኛው መኪና ቁልፍ ታች ቀርቷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሳቁ ደግሞ የደስታ አልነበረም፣ ሕንፃውን ስናየው እግዚአብሔር ያውቃል እንዴት እንደሆንን። ግን ታች ለቆመ ሰው ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ። መጀመሪያ ስጽፍም የተውኩት ረስቼው አይደለም።

ይቅርታ። ፊት ለፊት ደግሞ እላለሁ፣ ስልክ ካነሳሽ።

ጥቁር_ቀለም (አዲስ አበባ)፣ ሐሙስ ጠዋት 4፡30

እርቁን ሽማግሌ ይይዘዋል ብዬ ወደ ሌላ ልውሰዳችሁ። እዚህ ቤት «ብርድ የፈረንጅ ነው፣ በረዶ ምናችን ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም።

አዱሊስ በሚባለው የጥንት የቀይ ባሕር ወደብ ላይ በግሪክኛ የተጻፈ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ነበር። ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ የዘመተባቸውን አገሮች የሚዘረዝር። ድንጋዩ ዛሬ የለም። ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን በዚያ ሲያልፍ ስለቀዳው ነው እኛ ጋ የደረሰው። ታዲያ ንጉሡ ስለ ስሜን ተራሮች ሲናገር ብርዱንና ውርጩን ያነሳና፣ በረዶው ጥልቅ ከመሆኑ የተነሳ ወታደሮቹ እስከ ጉልበታቸው ይሰምጡ እንደነበር ይነግረናል። እስከ ጉልበት! ሰፌድ የሚያስርላቸው አጥተው ነው።

ቁመትም ካነሳችሁ ሬኒየር 4,392 ሜትር ነው፣ ራስ ዳሸን 4,550። የደባርቁ ጋሽዬ ኮፍያቸውን ያወለቁት ለታናሽ ነው ማለት ነው፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

እና ሮቤል ተክለማርያምን አትርሱ። በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር፣ በዊንተር ኦሎምፒክ አገር አቋራጭ ስኪ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ብቻውን የገባ ልጅ ነው። እኛ ግን የምናወራው ስለ ሩጫ ብቻ ነው።

የሞል_በረዶ (ዱባይ)፣ ሐሙስ ቀን 8፡05

የኔ በረዶ ሞል ውስጥ ነው። ኤምሬትስ ሞል ያለው ስኪ ዱባይ፣ ከ2005 ጀምሮ ያለ። መጀመሪያ የገባሁት የማሳድጋቸውን ልጆች ይዤ ነው። ውጪ ሰው የሚቀቅል ሙቀት ነው፣ ውስጥ ከዜሮ በታች። በር ላይ የውሰት ካፖርትና ቦት ይሰጣሉ። ልጆቹ ሲንሸራተቱ እኔ ቆሜ በረዶውን በእጄ ጨበጥኩት። የመጀመሪያዬ ነበር። ሳይቀልጥ ለእናቴ ፎቶ ላንሳ ስል ትንሹ ልጅ አፉ ውስጥ ጨመረው።

ጂንሷ እህቴ፣ ያንን የእጅ ማድረቂያ እኔም አውቀዋለሁ። የደንብ ልብሴን አድርቄበታለሁ። ከላይ ያለውን አፍ ወደ ጎን የሚያዞረው አለ፣ ከተገኘ እሱን ምረጪ።

አውሮራ_ታክሲ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)፣ ሐሙስ ማታ 1፡40

እኛ ጋ ደግሞ ከፍታው ራሱ ይመጣል። ሊድቪል የምትባለው ከተማ ብቻዋን ከ3,000 ሜትር በላይ ነች። እዚያ የአዲስ አበባ ልጅነት አይሠራም፣ ዓመታት ቆላ ተቀምጠህ ደምህ ረስቶታል። በዚያ አካባቢ የ10ኛው ተራራ ክፍለ ጦር ጎጆዎች የሚባሉ አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያው ካምፕ ሄል የሠለጠኑ የስኪ ወታደሮች መታሰቢያ ናቸው። በመኪና አይደረስም፤ በስኪ ወይም በስኖውሹ ሰዓታት ሄደህ ትገባለህ። የእንጨት ምድጃ አለ። ውኃ የለም፤ በረዶ በድስት አቅልጠህ ትጠጣለህ። አንድ ድስት ሙሉ በረዶ ሲቀልጥ ከታች ቅንጣት ውኃ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከማታውቀው ሰው ጋርም ተጋፍተህ ታድራለህ። ቡና ስንቆላ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ከላይኛው አልጋ ወርደው ሦስተኛው እስኪፈላ ጠብቀዋል።

እኛ ከሁለት ዓመት በፊት እንደናንተው ተለያይተን ተጣልተን እናውቃለን። አሁን የምናደርገው ይሄ ነው። ከቤት ሳንወጣ የመመለሻ ሰዓት እንቆርጣለን፣ በቃ ሰባት ሰዓት ከሆነ ሰባት ሰዓት፣ ጫፉ አሥር እርምጃ ቢቀረውም ይዞራል። ፊት የሚሄደው ደግሞ ቀርፋፋው ነው። ፈጣኑ ከኋላ ሆኖ ይናደድ። ቁልፍ ነገር አላሰብነውም ነበር፣ አሁን እንጨምራለን።

ስኖኳልሚ_ዳር (ኢሳኳ)፣ ሐሙስ ማታ 3፡25

ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። @ሰፌድ_እግሬ «ወደ ላይ ትንሽ» ያልከው የት ነው? ከፓራዳይዝ በላይ ወዳለው ፓኖራማ ፖይንት ከሆነ ከቁልፉ የሚብሰው እሱ ነው። ከሥሩ ያለው አቀበት ቀጥ ያለ ነው፣ ናዳ የሚወርድበት። የበረዶ ናዳ የሚወደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለውን ተዳፋት ነው፤ ያ ደግሞ ለስኖውሹ «ደስ የሚል አቀበት» የሚመስለው ነው። የሰሜን ምዕራብ የናዳ ማዕከል በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፣ በነፃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዛፍ ሥርም ተጠንቀቁ። ትልልቆቹ ዛፎች ቅርንጫፋቸው በረዶውን ስለሚይዘው ግንዱ ዙሪያ ላላ ያለ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ከላይ አይታይም። ጥላ አገኘሁ ብሎ የተጠጋ ሰው በጭንቅላቱ ይገባና ብቻውን አይወጣም። ለሽንት ዞር ስትሉ ሩቅ ሂዱ ማለቴ አይደለም፣ ከግንድ ሩቁ ማለቴ ነው።

ለጀማሪ ስኖኳልሚ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ጋ ያለው ጎልድ ክሪክ ይሻላል። ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ኩሬውን ዞሮ መመለስ ነው፣ ከሲያትል አንድ ሰዓት። ለመኪናው ስኖ ፓርክ የሚባለውን የዊንተር ማቆሚያ ፈቃድ ቀድማችሁ ግዙ፤ የተለመደው የፓርክ ፈቃድ እሱን አይተካም፣ ቅጣቱን እኔ ከፍዬ ነው የማውቀው።

ስለ በረዶው ብዛት ግን አትገረሙ። ፓራዳይዝ በ1971–72 ዊንተር የወረደበት ተደምሮ 28.5 ሜትር ነው። የዓለም ሪኮርድ ሆኖ ቆይቶ በ1998–99 ማውንት ቤከር በ29 ሜትር በለጠው። እሱም እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ነው። ከፓሲፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ለመሻገር ሲወጣ ይቀዘቅዝና ያለውን ሁሉ እዚያ ይዘረግፋል። እኛ ሲያትል የሚዘንብብን ገና ተራራው ጋ ሳይደርስ የሚያቀምሰን ነው።

ሰፌድ_እግሬ (ሲያትል)፣ ሐሙስ ማታ 3፡50

ወደ ፓኖራማ ነበር። አቀበቱ ሥር ደርሰን ነው ደመናው የመለሰን። ትንበያውን አላየንም፣ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

አሁን ካርታውን ሳየው ሆዴ ባዶ ሆነ።

የጋሽዬ_ዘመድ (ታኮማ)፣ ዓርብ ማታ 2፡30

ሰላም። ከዘጠኙ አንዱ ነኝ፣ ሃያ ፓውንድ የቀነስኩት 🙈 አጎቴ ክሩን በሙሉ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ምግቡም ቀዝቅዞ እኔም ጉሮሮዬ ደርቆ ጨረስኩት። የአክሱሙ ንጉሥ ጋ ሲደርስ ደግመህ አንብብ አሉኝ። «እስከ ጉልበት ነው ያለው?» አሉና ትንሽ ዝም ብለው፣ «ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ የማየው ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ነጭ የሚያደርገውን ነው። እስከ ጉልበት አላየሁም። ንጉሡ ትንሽ ሳይጨምር አይቀርም» አሉ።

ስለ ጭቅጭቁ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጁ ቁልፉን ረስቷል፣ ልጅቷ ሱሪዋን ተሳስታለች፣ እኔ ደግሞ በሶዬን ለራሴ ብቻ ነበር የያዝኩት። ሌላ ጊዜ ለሁሉም እቋጥራለሁ።» ከዚያ ዜና አስከፈቱኝ።

ጀበናው እኛ ጋ የለም። ረከቦቱ ግን አለ።

ጂንሷ (ሲያትል)፣ ዓርብ ማታ 3፡05

ጋሽዬን ሳሙልኝ።

ሰፌድ፣ የመኪናህን ኋላ አየኸው? ቅዳሜ ማታ ዕቃ ስንጭን በንዴት ሁሉንም ወርውሬ ነበር።

ሰፌድ_እግሬ (ሲያትል)፣ ዓርብ ማታ 3፡40

ሰንሰለቱ ሥር፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ተገኘ። አንገቱ ደህና ነው፣ ክዳኑ የለም።

ጂንሷ (ሲያትል)፣ ዓርብ ማታ 3፡44

ቁልፉም አንተ ጋ፣ ጀበናውም አንተ ጋ። ነገ ከሰዓት እመጣለሁ፣ የምትቆላው አንተ ነህ። ጾም ነው፣ ዳቦ ቆሎ በቂ ነው።

ሰፌድ_እግሬ (ሲያትል)፣ ዓርብ ማታ 3፡46

እሺ። የጭስ ደወሉን ባትሪ ቀድሜ አወጣለሁ።

ተረኛ_ነርስ (ሚኒያፖሊስ)፣ ዓርብ ማታ 3፡47

ባትሪውን እንዳትነካ! መስኮት ክፈት።